«ሲንዲኬት ተደረገ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣

ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ላንብብላችሁ። «ባንኩ ብድሩን ሲንዲኬት አደረገው።» «አምደኛዋ ጽሑፏን ሲንዲኬት አደረገችው።» «ፖሊስ አንድ ሲንዲኬት ያዘ።» ቃሉ አንድ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ለየቅል ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብዙ አበዳሪዎች አንድ ብድር ላይ ተሰባስበዋል። በሁለተኛው አንድ ጽሑፍ ለብዙ ጋዜጦች ተከፋፍሏል። በሦስተኛው ወንጀለኞች ተደራጅተዋል። አንዱ መሰብሰብ፣ ሌላው መበተን ሆኖ ሳለ በአንድ ስም የሚጠሩት ለምንድን ነው?

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ቃሉ ሲወለድ የሚናገረው በብዙዎች ስም መሃል ላይ ስለሚቆም ወኪል ነበር። ዛሬም ያ ወኪል ማን እንደሆነ፣ የማንን ጉዳይ እንደያዘ፣ ጉድለት ሲመጣ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ከጠየቅን ቃሉ አያደናግረንም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥሩ ግሪክ ነው። «ሲን» አብሮ፣ ጋር ማለት ሲሆን «ዲኬ» ፍርድ፣ ፍትሕ ማለት ነው። «ሲንዲኮስ» ከባለጉዳዩ ጎን ቆሞ በፍርድ አደባባይ የሚናገርለት ሰው ነበር፤ ከተማ በከተማ ላይ ክስ ሲያቀርብም ሕዝቡ የሚወክለው ሲንዲኮስ ይመርጥ ነበር። አማርኛ ለዚህ ሰው ከበቂ በላይ የሆነ ቃል አለው፦ ነገረ ፈጅ። ነገረ ፈጅ የራሱን ጉዳይ አይከራከርም፤ የሾመውን ተቋም ጉዳይ ይዞ ይቀርባል፤ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ውጤቱ የተቋሙ ነው። ይህን ሥዕል በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ቃሉ በላቲን በኩል ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሲገባ በየአገሩ የየራሱን ልብስ ለበሰ። በጣሊያንኛ «ሲንዳኮ» የከተማ ከንቲባ ሆነ። በፈረንሳይኛ «ሳንዲክ» የብዙ ባለቤቶች የጋራ ሕንፃ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ «ሳንዲካ» ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር ነው። ፈረንሳይ በ1884 ባወጣችው ሕግ የሠራተኛ ማኅበራትን ስትፈቅድ በዚሁ ስም ጠራቻቸው፤ ስፓኝኛና ፖርቱጋልኛም ተመሳሳይ ቃል ለተመሳሳይ ነገር ይጠቀማሉ። በእንግሊዝኛ «ሲንዲኬት» መጀመሪያ የተወካዮች ጉባኤ ነበር። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንዳንድ ኮሚቴዎቹን እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል፤ በ1858 የተመሠረተው የፈተና ድርጅቱም «የአካባቢ ፈተናዎች ሲንዲኬት» ይባል ነበር። ለአንድ ትልቅ ጉዳይ ገንዘባቸውን ያቀናጁ ነጋዴዎች በዚህ ስም መጠራት የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ የወንጀሉ ትርጉም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ተርጓሚዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን «ሳንዲካ» «ሲንዲኬት» ብሎ ማስቀመጥ መምህራንና ነርሶች ያቋቋሙትን ሕጋዊ ማኅበር የማፊያ ቡድን ያስመስለዋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ዝርዝር ወደሚፈልገው ወደ ባንክ ብድር እንሂድ።

አንድ ኩባንያ 600 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል እንበል። ይህን ያህል ለአንድ ደንበኛ ብቻውን መስጠት የሚችል ባንክ ቢገኝ እንኳ መስጠት አይወድም፤ ያ ደንበኛ ከወደቀ ባንኩም ይንገዳገዳልና። ተቆጣጣሪዎችም ዝም አይሉም። በዓለም አቀፉ የባዝል ደንብ መሠረት አንድ ባንክ በአንድ ተበዳሪ ላይ የሚኖረው ጠቅላላ ተጋላጭነት ከአንደኛ ደረጃ ካፒታሉ፣ ማለትም በዋናነት ኪሳራን ቀድሞ ከሚሸከመው የባለቤቶቹ ገንዘብ፣ 25 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ብድሩ ይከፋፈላል። ነገር ግን ኩባንያው 17 ባንኮች ዘንድ ሄዶ 17 ውል አይፈርምም። ውሉ አንድ ነው፤ ወለዱ የሚሰላበት መንገድ አንድ ነው፤ መያዣው አንድ ነው፤ የመክፈያ ቀኑም አንድ ነው። ብዙ የሆኑት አበዳሪዎቹ ብቻ ናቸው።

ሥራው የሚጀመረው ኩባንያው አንድ ወይም ጥቂት ባንኮችን አስተባባሪ አድርጎ የውክልና ደብዳቤ ሲሰጥ ነው። ከደብዳቤው ጋር የዋና ዋና ውሎች ሰነድ ይያያዛል፦ መጠን፣ ዘመን፣ ወለድ፣ መያዣ፣ ተበዳሪው ሊጠብቃቸው የሚገቡ የሂሳብ ምጣኔዎች። ቀጥሎ አስተባባሪው ስለ ተበዳሪው የሚያስረዳ የመረጃ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ምስጢር ለመጠበቅ ለፈረሙ ባንኮች ይልካል፤ እያንዳንዱ ባንክ የብድር ኮሚቴውን አስወስኖ የሚያወጣውን መጠን ያሳውቃል። ጥያቄው ከብድሩ መጠን ከበለጠ ድርሻው ይቀነሳል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ውል ላይ ይፈርማሉ። ከፊርማው ዕለት ጀምሮ አስተባባሪነቱ ያበቃና ወኪል ባንክ የሚባለው ይተካል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ባንክ ናቸው፤ ግዴታቸው ግን ለየብቻ ነው። አስተባባሪው የሚሠራው ለተበዳሪው ነበር፤ ወኪሉ የሚሠራው ለአበዳሪዎቹ ነው። ይህን መገለባበጥ ያልተረዳ ተበዳሪ ችግር ሲገጥመው «የኔ ባንክ» ብሎ የሚያማክረው ወኪል የሌሎች ነገረ ፈጅ ሆኖ ያገኘዋል።

አስተባባሪው የሚገባው ቃል ሦስት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ሙሉውን ገንዘብ ዋስትና ይሰጣል፤ ሌሎች ባንኮች ባይመጡ ራሱ ያበድራል። በሁለተኛው የሚችለውን ያህል እንደሚጥር ብቻ ቃል ይገባል፤ ገንዘቡ ካልሞላ ብድሩ ያንሳል ወይም ይቀራል። ሦስተኛው በጥቂት የሚተዋወቁ ባንኮች መካከል የሚደረግ ነው፤ ሁሉም ተቀራራቢ ድርሻ ይይዛሉ፤ ለገበያ የሚቀርብ ነገር የለም። ተበዳሪው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የኩባንያ ግዢ ሊፈጽም ለሻጩ ቃል የገባ ተበዳሪ ሁለተኛውን ቢቀበል ስህተት ነው፤ የመክፈያው ቀን ደርሶ ገንዘቡ ሊጎድልበት ይችላልና።

በቁጥር እንየው። ሦስት ባንኮች እያንዳንዳቸው ለ200 ሚሊዮን ዋስትና ገቡ። በስተመጨረሻ መያዝ የሚፈልጉት ግን 60፣ 60 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪውን 420 ሚሊዮን ለ14 ባንኮች በ30፣ 30 ሚሊዮን አከፋፈሉ። ተበዳሪው በጠቅላላው ላይ 1.5 በመቶ ክፍያ፣ ማለትም 9 ሚሊዮን ከፈለ። አስተባባሪዎቹ ለ14ቱ ባንኮች በድርሻቸው ላይ 0.6 በመቶ፣ ማለትም 2.52 ሚሊዮን ሰጡ። 6.48 ሚሊዮን ቀረላቸው፤ የያዙት ብድር ግን 180 ሚሊዮን ብቻ ነው። ትልልቅ ባንኮች አስተባባሪ ለመሆን የሚሻሙት ለዚህ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ የዋስትናው ደብዳቤ ተፈርሞ ብድሩ ሳይከፋፈል ገበያው ቢቀዘቅዝ 420 ሚሊዮኑ እጃቸው ላይ ይቀራል፤ ሊሸጡትም ቢሉ በኪሳራ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ ገዢ ሲጠፋ ወለዱን ወይም አወቃቀሩን እንዲያሻሽሉ የሚፈቅድ አንቀጽ ያስገባሉ። ተበዳሪው ይህን አንቀጽ ሲደራደር ወለዱ እስከ ስንት ሊወጣ እንደሚችል ጣሪያውን በቁጥር ማስጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባንኮቹ በአንድ ውል ቢፈርሙም ግዴታቸው የየራሳቸው ነው። ከ14ቱ አንዱ ባንክ 30 ሚሊዮኑን ማቅረብ ቢያቅተው ሌሎቹ አይሞሉለትም፤ ተበዳሪው የሚያገኘው 570 ሚሊዮን ነው። በአንጻሩ ከተበዳሪው የሚመጣው ገንዘብ የጋራ ነው። አንዱ ባንክ በራሱ መንገድ ከድርሻው በላይ ቢያስከፍል ትርፉን ለወኪሉ መልሶ ለሁሉም እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላል። መስጠት በየግል፣ መቀበል በጋራ ነው፤ የሲንዲኬት ብድር አከርካሪው ይህ ነው።

ድምፅ አሰጣጡም እንዲሁ ይታሰብበታል። በለንደን ገበያ በተለመደው ውል ብዙው ውሳኔ የሚያልፈው ከብድሩ ከ66⅔ በመቶ በላይ በያዙ አበዳሪዎች ስምምነት ነው፤ በእኛ ምሳሌ ከ400 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ወለድ ለመቀነስ፣ የመክፈያ ቀን ለማራዘም ወይም ዋናውን ገንዘብ ለመተው ግን በመሠረቱ ጉዳዩ የሚነካቸው ሁሉ መስማማት አለባቸው። ስለዚህ 5 በመቶ ድርሻ ያለው አንድ ባንክ ዕዳውን ለማራዘም የታሰበውን ስምምነት ብቻውን ሊያግድ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ውሉ ሲጻፍ ነው የሚገባው፦ እምቢ ያለውን አናሳ አበዳሪ ሙሉ ገንዘቡን ከፍሎ በሌላ የመተካት መብት። ችግሩ ከመጣ በኋላ ይህን አንቀጽ ማስገባት አይቻልም፤ ለማስገባትም ያው ባንክ መስማማት አለበትና።

የወኪሉ ሥራ ተራ ይመስላል፦ ወለድ ማስላት፣ ማስታወቂያ ማስተላለፍ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ማከፋፈል። ተራ አለመሆኑን ያሳየ አንድ በአደባባይ የታወቀ ጉዳይ አለ። በነሐሴ 2020 ሲቲባንክ የሬቭሎን ኩባንያ ብድር ወኪል ሆኖ ሳለ ለአበዳሪዎቹ ወደ 7.8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወለድ ሊልክ አስቦ፣ ዋናውን ገንዘብ ጨምሮ ወደ 900 ሚሊዮን የሚጠጋ የራሱን ገንዘብ ላከ። በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ሦስት ሳጥኖች ምልክት ሊደረግባቸው ሲገባ አንዱ ላይ ብቻ ተደርጎ ነበር፤ ሦስት ሰዎች አይተውም አጽድቀውታል። ከአበዳሪዎቹ አንዳንዶቹ ሲመልሱ፣ ወደ 500 ሚሊዮን የሚሆነው ግን አልተመለሰም። በየካቲት 2021 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለአበዳሪዎቹ ፈረደ፤ በመስከረም 2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ከዚያ ወዲህ በብድር ውሎች ውስጥ «በስህተት የተከፈለ ገንዘብ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ የተለመደ ሆኗል። ነገረ ፈጅ ሲሳሳት ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓመት ያከራከረው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ከብድር ልውጣ። አንድ ባንክ ብቻውን አበድሮ ሲያበቃ ከብድሩ ከፊሉን ለሌላ ባንክ በጓዳ የሚያካፍልበት አሠራር አለ። ይህ ሲንዲኬሽን አይደለም። ሁለተኛው ባንክ ከተበዳሪው ጋር ውል የለውም፤ ተበዳሪውም ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሥጋት ይሸከማል፦ ተበዳሪው እንዳይከፍል፣ ያካፈለው ባንክም እንዳይወድቅ። በጋዜጣ ላይ ሁለቱ ሲምታቱ ይታያል፤ ውጤታቸው ግን በጣም የተራራቀ ነው።

መድን ውስጥም አቅጣጫው ያው መሰብሰብ ነው፤ አጠር አድርጌ ልለፈው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት በተነሣው የለንደኑ የሎይድስ ገበያ፣ የመርከብ ወይም የሕንፃ መድን ድርሻ ድርሻ እየተደረገ ይወሰዳል። መሪው ሲንዲኬት ዋጋውንና ውሉን ወስኖ ድርሻውን ይጽፋል፤ ሌሎች እርሱን አይተው ይከተላሉ። የተጻፈው ድርሻ ተደምሮ 125 በመቶ ከሆነ ሁሉም በእኩል ምጣኔ ይቀነሳል፤ 10 በመቶ የጻፈው 8 ይቀርለታል። እያንዳንዱም የሚጠየቀው ስለ ራሱ ድርሻ ብቻ ነው። በስማቸው «ሲንዲኬት» ቢባሉም በሕግ ፊት ራሳቸውን የቻሉ ኩባንያዎች ሳይሆኑ ለአንድ ዓመት የተሰባሰቡ አባላት ናቸው፤ የዚያ ዓመት ሂሳብ በተለምዶ የሚዘጋው በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ነው።

አሁን አቅጣጫው ይገለበጥ።

በ1861 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ባራቡ በምትባል ከተማ፣ አንሴል ናሽ ኬሎግ የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ የማተሚያ ሠራተኞቹ ወደ እርስ በርሱ ጦርነት ሄዱበት። መላ ሲፈልግ፣ አንድ ገጹ በጦርነት ዜና የታተመ፣ ሌላው ገጹ ባዶ የሆነ ወረቀት ከማዲሰን አስመጣ፤ በባዶው ላይ የከተማውን ወሬ አተመበት። በ1865 ይህንኑ ሥራ ወደ ቺካጎ ወስዶ ኩባንያ አደረገው። ያዋጣው ለምን እንደሆነ መረዳት ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ከጋዜጣ ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ፊደል በእጅ መልቀም ነበር፤ አንድ ጊዜ የተለቀመ ገጽ ለብዙ ጋዜጦች ሲታተም ወጪው ይከፋፈላል። በእንግሊዝ ቦልተን ከተማ የቲሎትሰን ቤተሰብ በ1873 ልብ ወለድ በክፍል በክፍል ለክፍለ ሀገር ጋዜጦች መሸጥ ጀመረ፤ በ1884 ሳሙኤል መክሉር በኒውዮርክ ተከተለ። እንግዲህ እነዚህ ድርጅቶች «ሲንዲኬት» ተባሉ። ተመልከቱ፣ ድርጅቱ እዚህም መሃል ላይ ነው፤ ጸሐፊዋን ወክሎ ከብዙ አዘጋጆች ጋር ይዋዋላል።

የሂሳቡ ውበት እንዲህ ነው። አንድ አምድ ለ80 ጋዜጦች በሳምንት በ10 ዶላር ቢሸጥ 800 ዶላር ይገኛል፤ በዘርፉ በቆየው ግማሽ በግማሽ ክፍፍል ለጸሐፊዋ 400 ይደርሳታል። አንድም ጋዜጣ ብቻውን ያን ያህል ባልከፈላት ነበር። ዋጋው ብዙ ጊዜ በጋዜጣው ሥርጭት ልክ ይለያያል። በውሉ ውስጥ መጻፍ ያለባቸውም ግልጽ ናቸው፦ ጋዜጣው በየትኛው አካባቢ ብቸኛ እንደሚሆን፤ ከየትኛው ሰዓት በፊት ማውጣት እንደማይችል፤ ማሳጠር እንጂ ትርጉም መለወጥ እንደማይፈቀድ፤ የባለቤትነት መግለጫው መስመር እንዳይቀር፤ የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የካርቱን ሠዓሊዎች መብቱን ለሲንዲኬቱ አስረክበው ስለፈረሙ፣ የፈጠሩት ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት ሆኖ ሲሸጥ የመወሰን ሥልጣን አልነበራቸውም። እኔ ይህን እንደ በደል ነው የምቆጥረው፤ ነገረ ፈጁ የባለጉዳዩን ቤት ወረሰ ማለት ነውና። ጸሐፊ ለሲንዲኬት ሊሰጥ የሚገባው የማከፋፈል ፈቃድ ነው፤ ለዚያውም ለተወሰነ ዘመን።

በቴሌቪዥን ቃሉ የሚውለው አንድ ዝግጅት በአንድ ጣቢያ መረብ ሳይታሰር ለየጣቢያው በተናጠል ሲሸጥ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተለመደው መነሻ ወደ 100 ክፍሎች ነበር። ምክንያቱ ሂሳብ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን የሚታይ ተከታታይ 100 ክፍሎች ካሉት ሳይደገም 20 ሳምንት ይዘልቃል። ጣቢያው በጥሬ ገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ ወይም ገንዘብ ሳይከፍል ከማስታወቂያ ደቂቃዎቹ የተወሰኑትን ለአከፋፋዩ ይለቃል፤ ወይም ሁለቱን ያጣምራል። ደቂቃ የለቀቀ ጣቢያ ወጪ የሌለበት ይመስለዋል፤ ዝግጅቱ ተወዳጅ ከሆነ ግን የለቀቃቸው ደቂቃዎች ከየትኛውም ክፍያ የበለጠ ዋጋ ያወጣሉ።

ወደ ኢንተርኔት ስንመጣ ቃሉ ሌላ መልክ ይይዛል። በመጋቢት 1999 ኔትስኬፕ ኩባንያ አርኤስኤስ የተባለውን የፊድ ቅርጸት አወጣ። ሦስቱ ፊደላት በጊዜ ብዛት ሦስት ዓይነት ተፈትተዋል፤ «በጣም ቀላል ሲንዲኬሽን» የሚለው ፍቺ ሥር የሰደደው በ2002 ከወጣው ሁለተኛው እትም ጋር ነው። ተፎካካሪው አተም በታኅሣሥ 2005 የኢንተርኔት መስፈርት ሆነ። ፊድ ማለት ኮምፒውተር የሚያነበው የአዳዲስ ሥራዎች ዝርዝር ነው። በአርኤስኤስ ሁለተኛ እትም ለጠቅላላው ፊድ ርዕስ፣ አድራሻና መግለጫ ግዴታ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ርዕስ ወይም መግለጫ ቢያንስ አንዱ ሊኖር ይገባል። ፖድካስት የሚሠራውም በዚሁ ላይ የድምፅ ፋይሉን አድራሻ፣ መጠኑን በባይትና ዓይነቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ተጨምሮ ነው።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጠው መለያ ጽሑፉ በታረመ ቁጥር ከተቀየረ አንባቢው ያንኑ ጽሑፍ እንደ አዲስ ደጋግሞ ያገኘዋል። በኮዱ ሳይሆን እንዳለ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ «እና» ምልክት (&) ሙሉውን ፊድ ሊያስቆም ይችላል። በፊደላችን የሚጽፍ ሰው ፊድ ማስቀመጥ ያለበት በዩቲኤፍ-8 ነው፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል እዚያ ውስጥ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ጽሑፍን በባይት ቆጥሮ የሚያሳጥር ፕሮግራም የመጨረሻውን ፊደል ለሁለት ሊቆርጠው ይችላል፤ አንባቢውም በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያያል።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የመብቱ ጉዳይ ነው። በፊድ ውስጥ መሃል ላይ የሚቆም ወኪል የለም፤ ውልም የለም። ፊድ ለንባብ የተከፈተ በር ነው። ብዙዎች «ሲንዲኬሽን» የሚለውን ስም አይተው የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ገልብጠው በራሳቸው ገጽ ማውጣት የተፈቀደ ይመስላቸዋል። አልተፈቀደም፤ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ የሚደረግ ዳግም ኅትመት በዚህም ዘመን የቅጂ መብት ጥሰት ነው። በፈቃድ ሲደረግም ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው ፍለጋ ነው፤ ሰፊ አንባቢ ያለው ተቀባይ ገጽ ከዋናው ጽሑፍ ቀድሞ በፍለጋ ውጤት ሊወጣ ይችላል። ጉግል ከ2023 ጀምሮ የሚመክረው ተቀባዩ ቅጂውን ከፍለጋ ማውጫ እንዲያግድ ነው፤ ወደ ዋናው የሚጠቁመው ስውር ምልክት ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። ሁለተኛው እርማት ነው። ዋናው ጽሑፍ ሲታረም ቅጂዎቹ ስህተቱን እንደያዙ ይቀራሉ። ስለዚህ በውሉ ውስጥ እርማት በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲስተካከል፣ ጽሑፉ ከተነሣም እንዲነሣ ማስጻፍ ያስፈልጋል፤ የተቀባዮችን ዝርዝርና የሚጻፍበትን አድራሻ ያልያዘ አከፋፋይ ግን ይህን አንቀጽ ሊያስፈጽም አይችልም።

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበለው? አንድ ቃል ፈልገን ለሁሉም ብናለብሰው እንሳሳታለን። ለብድሩ «በኅብረት የተሰጠ ብድር»፣ ለጽሑፉና ለዝግጅቱ «በፈቃድ ማከፋፈል»፣ ለፈረንሳይኛው «የሠራተኛ ማኅበር»፣ ለወንጀሉ «የተደራጀ የወንጀል ቡድን» ማለት ይበቃል። ባለሙያዎች በአፋቸው «ሲንዲኬሽን» ማለታቸው አይቀርም፤ ይበሉ። ውል ሲጻፍ ግን በትርጓሜው አንቀጽ ውስጥ ሦስት ነገር በአማርኛ ይቀመጥ፦ ወኪሉ ማን ነው፣ የሚሠራው ለማን ነው፣ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ድርሻውን ሳይወጣ ቢቀር ሌሎቹ ይጠየቃሉ ወይስ አይጠየቁም። ሦስተኛው ከተዘለለ፣ «በኅብረት» የሚለውን ቃል ያየ ዳኛ ባንኮቹ የገቡትን የየግል ግዴታ የአንድነትና የነጠላ ኃላፊነት አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ያኔ 30 ሚሊዮን የፈረመው ባንክ በ600 ሚሊዮን ይጠየቃል።